ከያሪሷ ስር ሚንጠባጠበው ውሃ "የኤሲ ነው" ተብሎ ነበር

ጋሼ መኪናቸውን ይዘውልኝ የመጡት ሚያዝያ ላይ ነው፣ ፋሲካ አልፎ ሰርግ በሰርግ የሆነ ሰሞን፣ ባህር ዳር ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዞ ሚሄድበት ሙቀት። ስማቸውን አልጠራም፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ቤታቸው ሽምብጥ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው ሚላቸው እኔም እንደዛው። መኪናዋ የ2007 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ ሴዳን ነች፣ 1.3 ሞተር፣ አውቶማቲክ። ገና በሩን ከፍተው ሳይወርዱ "አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪና ከስሯ ውሃ ታንጠባጥባለች፣ ሁለት ቦታ አሳየኋት፣ አንዱ የኤሲ ነው ምንም አይደል ይሂዱ አለኝ፣ አንዱ ደግሞ ቴስታታው ይፈታ አለኝ፣ ማንን ልመን? በአስራ አምስት ቀን ውስጥ የእህቴ ልጅ ሰርግ ጎንደር አለብኝ" አሉኝ።

ከሁለቱ አንዱ ልክ ሊሆን ይችል ነበር። ችግሩ ሁለቱም የፈረዱት መሬት ላይ የወደቀውን ውሃ ብቻ አይተው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን አምነው ቢሄዱ ጎንደር መንገድ ላይ አዲስ ዘመን ከተማን አልፎ ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ግሎ ሊነክስባቸው (ተጣብቆ ሊቆምባቸው) ይችላል፣ ሁለተኛውን ቢያምኑ ደግሞ ለሰርግ ያሰቡት ብር በሙሉ ላያስፈልግ ለሚችል ስራ ያልቃል፣ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፣ እሱን መፍታት ማለት ግማሽ ሞተር ማራገፍ ማለት ነው። ይሄን ጉዳይ እንዳለ ዘርዝሬ ምጽፈው ለዛ ነው፣ ምክንያቱም ከመኪና ስር እርጥብ ነገር ያየ ሰው ሁሉ እዚሁ ቦታ ላይ ነው ሚሳሳተው፣ እኔም መሃል ላይ ተሳስቼ ሁለት ቀን አጥፍቻለሁ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሚደረገው ፈሳሹን ማወቅ ነው። ጣት አስነክቶ ነጭ ሶፍት ላይ መጥረግ፣ ማየት፣ ማሽተት፣ በሁለት ጣት ማሸት፣ መቅመስ ግን የለም። የሞተር ዘይት ሲገባ የማር መልክ አለው ሲቆይ ይጠቁራል፣ ወፍራም ነው ጣት ላይ ይቀራል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አዲሱ ቀይ ነው፣ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ነጣ ያለ ወይ ቢጫ ቢጤ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ጎማው አካባቢ ነው ሚታየው፣ ቀለም ላይ ካረፈ ቀለሙን ይልጠዋል፣ እሱን ያየ ሰው መኪናዋን አንድ ሜትር መንዳት የለበትም። ሃይድሮሊክ መሪ ያላቸው የቶዮታ መኪኖች ላይ የመሪ ዘይቱም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፣ ከካምቢዮ ዘይት ጋር ሰውን ሚያምታታው እሱ ነው። ይቺ ያሪስ ላይ ግን መሪው ኤሌክትሪክ ነው፣ ዘይት ሚባል ነገር የለውም፣ ስለዚህ አንድ ተጠርጣሪ ሳንነካው ከመዝገብ ወጣ ማለት ነው።

ኩላንት፣ ራዲያተር ውስጥ ሚሞላው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ደግሞ ሮዝ ወይ ቀይ ወይ አረንጓዴ ሆኖ ጣት ላይ ማለስለስ አለው፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። እዚ ላይ ነው እኛ ሀገር ነገሩ ሚበላሸው። መጽሐፍ ላይ ያለው የቀለም መለያ ሚሰራው በራዲያተሩ ውስጥ ኩላንት ካለ ነው፣ የኛ ሰው ደግሞ ሚሞላው ውሃ ነው። ውሃ ቢያፈስ ውሃ ነው ሚታየው፣ ከኤሲው ውሃ በምን ትለየዋለህ? ቀለም የለው ሽታ የለው። ስለዚህ ፈሳሹን ከማየቴ በፊት ሰውየውን ነው መጠየቅ ያለብኝ።

"ጋሼ ራዲያተሩ ላይ ምንድነው ሚሞሉት?"

"ውሃ ነዋ! ሌላ ምን ይሞላል?"

"የቧንቧ?"

"የቧንቧ፣ ሲጠፋ ደግሞ የጉድጓድ።"

"በስንት በስንት ጊዜው?"

ትንሽ አሰቡ። "ድሮ እንኳ ክዳኑንም አልነካው። ከጥር ወዲህ ግን እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ግማሽ ሃይላንድ እጨምርላታለሁ፣ ሙቀት ስለሆነ ይሆናል ብዬ።"

ግማሽ ሃይላንድ ማለት ወደ ግማሽ ሊትር ነው፣ በሳምንት። ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰማሁ በኋላ "የኤሲ ነው" ሚለው ብቻውን ሊቆም አይችልም። የራዲያተሩ ውሃ ዝግ ቦታ ውስጥ ነው ሚዞረው፣ ሙቀት ስለሆነ አይቀንስም፣ ሲሞቅ ትርፉ ወደ ፕላስቲክ ሪዘርቩ ይወጣል ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ከጠፋ ወይ ወደ ውጭ እየወጣ ነው ወይ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ እየተቃጠለ ነው። የኤሲው ውሃ ከራዲያተር ጋር ዝምድና የለውም፣ እሱ ከአየሩ ላይ ሚጨመቅ እርጥበት ነው፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ላብ እንደሚያልበው ማለት ነው፣ ዳሽቦርዱ ስር ያለው የኤሲው ማቀዝቀዣ ላይ ይጤዝና በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። ግን ደግሞ ልብ በሉ፣ ኤሲውም ማንጠባጠቡን አልካድኩም፣ ጋሼ በዛ ሙቀት ኤሲ ሳይከፍቱ አይነዱም። ሁለት ውሃ አንድ መኪና ስር ሊኖር ይችላል፣ ያንን ነው መለየት ያለብኝ።

ያሪስ ላይ ነገሩን ከባድ ሚያደርገው ቦታው ነው። የኤሲው ቱቦ ሚወርደው በቀኝ በኩል ነው፣ ጋቢና ተቀማጩ እግሩን ሚያሳርፍበት ወለል ፊት ለፊት። የሞተሩ ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶው)፣ የውሃ ፓምፑ ምናምን ያለውም በቀኝ በኩል ነው፣ ትንሽ ወደፊት፣ ከቀኝ የፊት ጎማው ጎን። ስለዚህ ሁለቱም ውሃ መሬት ላይ ሚያርፉት ሁለት ስንዝር በማይሞላ ርቀት ነው። "የኤሲ ነው" ያለው ሰው ላይ አልፈርድም፣ ቦታውን አይቶ ነው ያለው።

ሌላ ያስጨነቀኝ ነገር ይቺ መኪና የሙቀት ጌጅ የላትም። የዚህ ዘመን ያሪስና ቪትዝ የነዱ ያውቁታል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ከልክ በላይ ሲግል ቀይ ይበራል፣ መሃሉን ሚያሳይ መርፌ የለም። ጋሼን ስለ ሰማያዊው ስጠይቃቸው "እሱማ ከቤት ተነስቼ አዲሱን ድልድይ ስሻገርም አብራኝ ናት፣ አባይ ማዶ ልደርስ ስል ነው ምትጠፋው" አሉ። በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ከሽምብጥ እስከዛ ደግሞ መንገድ አለ፣ በሚያዝያ ሙቀት ሞተር ያን ያህል ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ሊቆይ አይገባም። ይሄን ነገር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ በኋላ እመጣበታለሁ።

ውሃ መቀነሱን ብዙ ሰው ንቆ ሚያልፈው ስለማይገባው ነው እንጂ ስለማይቆጭ አይደለም፣ ስለዚህ ለጋሼ የነገርኳቸውን ልድገመው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ እዚህ በተከፈተ ድስት የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው እዛው ሰፈር ነው ሚሰራው፣ ፋኑ ራሱ 90ዎቹ ውስጥ ነው ሚነሳው። ታዲያ ለምን ሁሌ አይፈላም ካላችሁ፣ ክዳኑ ነው ሚይዘው። ክዳኑ ላይ 0.9 ሚል ተጽፎ ታያላችሁ፣ 0.9 ባር ግፊት ይይዛል ማለት ነው፣ በዛ ግፊት ውስጥ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። አንድ ቦታ ቀዳዳ ካለ ግፊቱ አይያዝም፣ ግፊት ካልተያዘ መኪናህ የተከፈተ ድስት ሆነች ማለት ነው፣ ዳገት ላይ ደግሞ ድስቱ ይገነፍላል። ውሃው በጣም ከቀነሰ ቀዩን መብራት ሚያበራው ሴንሰር ራሱ ከውሃ ውጪ ቀርቶ እንፋሎት ውስጥ ይሆንና በጊዜ ላያስጠነቅቅ ይችላል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ከጋለ ይጣመማል።

እሺ ወደ ስራው። ቴስታታ ይፈታ ያለውን ነው ቀድሜ ያየሁት፣ ምክንያቱም እሱ ልክ ከሆነ ሌላው ሁሉ ትርፍ ድካም ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የዘይት መለኪያዋን መዘዝኩ፣ ዘይቱ ጥቁር ነው ግን ጤነኛ ጥቁር፣ ውሃ ቢገባበት የማኪያቶ መልክ ይይዝ ነበር። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጬ አየሁ፣ ንጹህ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ አስነሳሁ፣ አረፋ የለም። ክዳኑን ገጥሜ እንደገና አስነሳሁና የላይኛውን ቱቦ በእጄ ያዝኩት፣ የቴስታታ ጓርኒሽን (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) የተቃጠለ እንደሆነ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው ስለሚገባ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቱቦው ድንጋይ ይሆናል፣ ይሄ ግን ለስላሳ ነው። ከጓደኛዬ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለውን መመርመሪያ ተውሼም አየሁ፣ የጭስ ጋዝ ቢያገኘው ወደ ቢጫ ይዞራል፣ አልዞረም። እዚህ ላይ ቴስታታ ሚለውን ዘጋሁት። ጋሼ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ እንጠጣ ያሉት።

በነገራችን ላይ ክዳኑን በሙቅ ሞተር ማንም እንዳይከፍት፣ በጨርቅም ቢሆን። ፊቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

ቀጥሎ ካርቶን። የጋሼ ግቢ ኮብልስቶን ነው፣ የማንጎ ዛፍ ስር ነው ሚያቆሙት፣ ጠብታው በድንጋዩ መሃል ይሰርግና ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም፣ ከዛፉም ሚወርድ ነገር አለ። የፓስታ ካርቶን ዘርግተን ሁለቱን አጣብቀን ከሞተሩ ስር አስገባን፣ አራቱ ጎማ ያረፈበትን በኖራ ምልክት አደረግን፣ ምክንያቱም ጠብታው ካርቶኑ ላይ የት እንዳረፈ ከጎማው አንጻር ካልታወቀ ካርቶን መዘርጋት ትርጉም የለውም። ካርቶኑ ላይም "ፊት" "ቀኝ" ብዬ ጻፍኩ። ዋናው ግን ሰዓቱ ነው፦ ጋሼ ማታ ገብተው መኪናዋን ካቆሙ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቀው ነው ካርቶኑን እንዲያስገቡ የነገርኳቸው። ኤሲ ከጠፋ በኋላ የቀረችው ውሃ ሃያ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ብታንጠባጥብ ነው፣ ከዛ በኋላ ምትወርድ ጠብታ የኤሲ ልትሆን አትችልም። ደግሞ ለሁለት ቀን ኤሲ እንዳይከፍቱ ለመንኳቸው፣ መስኮት ከፍተው ነዱ፣ አልወደዱትም ግን አደረጉት።

ጠዋት ካርቶኑን ሳየው ሶስት ነገር ነበረበት። አንዷ የብር ሳንቲም ምታክል ጥቁር የዘይት ነጠብጣብ፣ ወደ መሃል። ሁለተኛው በቀኝ በኩል የእጅ መዳፍ ሚያክል እርጥብ፣ ዳር ዳሩ ወደ ዝገት ቀለም ያደላ። ሶስተኛው ከሱ ወደፊት ሁለት ትንንሽ ጠብታ። ኤሲ ሳይከፈት፣ ካቆሙ ከአንድ ሰዓት በኋላ በገባ ካርቶን ላይ ውሃ አለ። የኤሲ አይደለም። ዳሩ ላይ ያለው የዝገት መስመርም ተናገረ፣ ከአየር ላይ የተጨመቀ ውሃ ዝገት ከየት ያመጣል?

እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። ኮፈኑን ከፍቼ የእጅ ባትሪ ሳበራ የታችኛው የራዲያተር ቱቦ አፉ ላይ፣ ቱቦውን አጥብቆ ሚይዘው ፋሼታ ስር፣ እርጥብ አየሁ። አገኘሁት ብዬ ፋሼታውን በአዲስ ቀየርኩና "በቃ ጋሼ ጨርሰናል" ብዬ ሸኘኋቸው። ሁለት ቀን ቆይተው ካርቶኑን አጥፈው ብብታቸው ስር ይዘው መጡ፣ አልተቆጡም፣ ዝም ብለው ዘረጉልኝ። ያው እርጥብ፣ ያው ቦታ። እርጥብ ቦታ ማየትና ምንጩን ማግኘት አንድ አይደለም፣ ይሄን እያወቅሁ ነው የቸኮልኩት። መኪና ሲሄድ ንፋሱ ፈሳሹን ወደ ኋላ ይነዳዋል፣ ሲቆም ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፋኑም ይረጨዋል፣ ስለዚህ እርጥቡ ከላይ እስከ ታች ሊሆን ይችላል፣ ሚፈለገው ከሁሉም ከፍ ያለውና ከሁሉም ወደፊት ያለው እርጥብ ነው። ለዛ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩ ንጹህ መሆን አለበት። የሰባት የስምንት ዓመት አቧራና ዘይት በተጋገረበት ሞተር ላይ አዲስ ጠብታ መፈለግ እህል ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው።

ስለዚህ ከሀ ጀመርኩ። ሞተሩን በኦሞና በብሩሽ አጠብኩት፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን በላስቲክ ሸፍኜ፣ በግፊት ውሃ አይደለም በእጅ። አደረቅኩት። ከዛ ከራዲያተሩ አንድ ሊትር ውሃ ቀድቼ በምትኩ አንድ ሊትር ሮዝ ኩላንት ጨመርኩ፣ ለማከም ሳይሆን ለማቅለም። ከዚህ በኋላ ሮዝ የሆነ ነገር ሁሉ የራዲያተር ነው፣ ነጭ የሆነ ሁሉ የኤሲ ነው፣ ክርክር የለም። ጋሼን ኤሲውን እንደፈለጉ ይክፈቱ አልኳቸው። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄያለሁ፣ ግቢያቸው ውሻ አለ የልጅ ልጆችም ይመጣሉ፣ ኩላንት ይጣፍጣል መርዝም ነው፣ ውሻ ልሶት ይሞታል፣ ጠዋት ጠዋት ካርቶኑን ቶሎ አንስተው መሬቱን በውሃ እንዲያጥቡ።

በማግስቱ ካርቶኑ ላይ ሮዝ። ማታ ሲገቡ ደግሞ ከኤሲው ቱቦ ነጭ ውሃ ሲወርድ ራሳቸው አይተዋል፣ ከሮዙ ጋር ያላቸው ርቀት ስንዝር ተኩል ነው። ጋሼ "ለካ ሁለት ናቸው" አሉ፣ ድምጻቸው ውስጥ ደስታ ነበር፣ አስተማሪ ናቸዋ፣ ነገር ሲገለጥ ይወዳሉ።

ፈሳሹ ታወቀ፣ ከየት ነው ሚወጣው ሚለው ቀረ። ለዚህ ግፊት ያስፈልጋል። የራዲያተር ግፊት መፈተሻ እቃ ሁሉም ጋራዥ የለውም፣ እኔ ራሴ የሰራሁት አለኝ፦ አሮጌ የራዲያተር ክዳን መሃሉን በስቼ የጎማ ቫልቭ አስገብቼበት ዙሪያውን አሽጌዋለሁ። በዛ ላይ ጌጅ ያለው የሳይክል መንፊያ ትሰካለህ፣ ባህር ዳር ደግሞ የሳይክል መንፊያ አይቸግርም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጠፍቶ፣ በቀስታ እስከ 13 ፒኤስአይ ነፋሁት፣ 13 ማለት ያው 0.9 ባር ነው፣ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው አታሳልፉ፣ ካሳለፋችሁ ጤነኛውን ቱቦ ነው ምትቀዱት። ይሄ ነገር ጥሩነቱ ሞተሩ ሳይዞር፣ ፋን ሳይረጭ፣ ቺንጋ እጅህን ሳይበላ፣ የቆመ መኪና ላይ ቁጭ ብለህ መፈለግህ ነው።

አስራ አምስት ደቂቃ ቆይቼ ሳየው መርፌው ከ13 ወደ 9 ወርዷል። መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። የላይኛው ቱቦ ደረቅ፣ የታችኛው ደረቅ፣ ራዲያተሩ ደረቅ፣ ወደ ጋቢና ሚገቡት የማሞቂያ ቱቦዎች ደረቅ፣ ጋቢና ውስጥ ምንጣፉን በእጄ ዳሰስኩት ደረቅ። የት ገባ? ቀኝ የፊት ጎማውን በክሪክ አነሳሁ፣ የብረት መቆሚያ አስገባሁበት (በክሪክ ብቻ ስር አይገባም)፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ከጎማው ጀርባ ያለችውን የፕላስቲክ መከለያ ስስብ ጠረቅ ብሎ ሮዝ ውሃ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። መከለያው ላይ ነበር የተጠራቀመው። ጠብታው መጀመሪያ እዛ ያርፋል፣ ሲሞላ በጠርዙ ይፈስና ሞተሩ ሚቀመጥበትን ብረት ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዛ ነው ከኤሲው ቱቦ አጠገብ መሬት ሚወርደው። ከምንጩ እስከ ጠብታው ክንድ የሚሞላ መንገድ አለ።

አሁን በስልክ መብራትና በትንሽ መስታወት ወደ ውሃ ፓምፑ። ፓምፑ ላይ ከፑሊው (ቺንጋው ሚዞርበት ክብ ብረት) ጀርባ፣ ወደ ታች ምታይ፣ የክብሪት ራስ ምታክል ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ስላያት ሚደነግጥም አለ። ሆን ተብሎ የተሰራች ናት፦ ፓምፑ ውስጥ በአንድ በኩል ውሃ አለ በሌላ በኩል ዘንጉ እንዲዞር ሚያደርገው ኩሽኔታ አለ፣ መሃላቸው ውሃውን ሚይዝ ሲል አለ፣ ሲሉ ሲያረጅ ያሳለፈው ውሃ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በዛች ቀዳዳ ይወጣል፣ ለባለቤቱም ይነግረዋል። ከቀዳዳዋ ጀምሮ ወደ ታች ጣት ሚያክል ስፋት ያለው የደረቀ መስመር አየሁ፣ ከላይ ነጭ እንደ ጨው፣ ዝቅ ሲል ዝገት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የትናንትናዋ ሮዝ። መንፊያውን መልሼ 13 አደረስኩት። ትንፋሼን ይዤ አየሁ። ቀዳዳዋ አፍ ላይ ሮዝ ነገር አበጠ፣ ክብ ሆነ፣ ከበደ፣ ወደቀ። ቆጠርኩ፣ ሰላሳ ምናምን ሰከንድ ላይ ሁለተኛዋ መጣች። ጋሼን ጠርቼ በመስታወቱ አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው ሶስት ጠብታ እስኪወርድ አዩ።

ሞተር ሲሮጥ ለምን ብዙ አያፈስም ታዲያ? ሲግል ብረቱ ይሰፋል ሲሉም ይጣበቃል፣ የወጣችውም ጠብታ ግለቱ ላይ ትተናለች፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ሁሉም ይሰበሰባል ግን ውስጡ ገና ግፊት አለ፣ ያኔ ነው ምትወጣው። ለዚህ ነው ጋራዥ ሲወስዱት ደረቅ ሆኖ ሚገኘው፣ ቤት ሲያድር ሚያንጠባጥበው።

ቺንጋውን አውጥቼ ፑሊውን ወዲያ ወዲህ ሳነቃንቀው ትንሽ ልቅነት ነበረው፣ ኩሽኔታውም ጀምሮታል ማለት ነው። እቺን ቀዳዳ በሲሊከን ደፍኖ መኪና የሸኘ ሰው አይቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ፓምፑ መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ቺንጋው ይበጠሳል። ራዲያተር ውስጥ ሚጨመር ቀዳዳ ደፋኝ ዱቄትም እንደዛው፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶችም ይደፍናል፣ አይመርጥም።

ፓምፑ ከነጓርኒሽኑ ተገዛ፣ ኦሪጅናል ባይገኝ እንኳ ፑሊው ሲሽከረከር ድምጽ የሌለውን ጆሮዬ አጠገብ አድርጌ መርጬ ነው የገዛሁት። አሮጌው ሲወጣ ውሃውን ሚገፋው ብረት ዳሩ በዝገት ተበልቷል፣ ከሞተሩ የወጣው ውሃ ደግሞ የቀይ አፈር ጎርፍ ነው ሚመስለው። ይሄ የዓመታት የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ስራ ነው። ኩላንት ለበረዶ ሀገር ነው ሚሉ ብዙ ናቸው፣ አዎ በረዶም ይከላከላል፣ ግን ውስጡ ዝገት ሚከላከል መድኃኒት አለው፣ የፓምፑን ሲል ያለሰልሳል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል፣ ሶስቱም ባህር ዳር ያስፈልጋሉ።

ሰማያዊው መብራት ነገርስ? የቴርሞስታቱን ቤት ስከፍተው ባዶ ነው። አንድ ጊዜ "ሙቀት ሀገር አያስፈልግም" ብሎ ያወጣው ሰው አለ፣ ጋሼ እንኳ አያውቁም። ቴርሞስታት 80ዎቹ ዲግሪ ላይ ሚከፈት በር ነው፣ በሌለበት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ልኩ አይደርስም። እዚህ መኪና ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ እየሰራች ውሃ መቀነሷን ደበቀላቸው፣ ሜዳው ከተማ ውስጥ ቀይ በርቶ አያውቅም። ዳገቱ ነበር ሚገልጠው። አዲስ ቴርሞስታት ገባ።

ውሃው ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ሶስቴ አጠብን፣ ከዛ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ፣ የባትሪ ውሃ ሚሸጡበት ሚገኘውን። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን ከቅዝቃዜው አስነስቼ አየሩ እስኪወጣ ቀስ ብዬ ሞላሁ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ አለ፣ ጨመርኩ፣ ክዳኑም ጎማው ተሰንጥቆ ስለነበር ተቀየረ። እንደገና በሳይክል መንፊያው 13 ነፍቼ ምሳ በላሁ፣ ስመለስ 13 ነው።

ሪዘርቩ ላይ የውሃውን ልክ በማርከር አሰመርን፣ ቀኑንም ጻፍንበት። ለሰርጉ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር፣ በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ እያዩ እንዲደውሉልኝ ነገርኳቸው፣ በየማለዳው 1 ሰዓት ላይ ደወሉ፣ "መስመሯ ላይ ናት" ይሉኛል ይዘጋሉ። ሰማያዊው መብራትም ድልድዩን ሳይደርሱ መጥፋት ጀመረ። ጎንደር ሄዱ፣ ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለውን ዳገት አራት ሰው ጭነው ኤሲ ከፍተው ወጡት።

ሲመለሱ ካርቶኑን ይዘው መጡ፣ ልማድ ሆኖባቸዋል። ቀኝ በኩሉ ደረቅ ነው። መሃል ላይ ያቺ የሳንቲም ምታክል የዘይት ጠብታ አሁንም አለች፣ ሞተሩ ታጥቦ ስለነበር ዱካዋን ተከትዬ ወደ ላይ ሳይ ከሞተሩ የላይኛው ሽፋን ጓርኒሽን ኋለኛ ጥግ ላይ ነው ሚያልበው፣ ዘይቱ ከመለኪያው ላይ አልጎደለም። ሐምሌ ላይ ዘይት ስንቀይር አብረን እንፈታዋለን ተባባልን፣ ካርቶኑን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።